ሬዲዮው ዝም ያለ ዕለት

ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤ በኮረብታ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ እትዬ አንጓች ከተበላሸው የማሰራጫ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ፣ ባሕር ዳር ለሥልጠና ለሄደው ለጣቢያው ቴክኒሻን ለቢያድግልኝ ደውላለች።

አንጓች፦ አጥፍተሽ አብሪ፣ አጥፍተሽ አብሪ! ሌላ መድኃኒት አታውቅም እንዴ አንተ ልጅ? ጣቴ እስኪደነዝዝ አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ጥቁር ነው።

ቢያድግልኝ፦ እትዬ አንጓች፣ እባክሽ ቀስ በይ። አዳራሽ ውስጥ ነኝ፤ አሠልጣኙ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። ሲያልቅ ልደውልልሽ?

አንጓች፦ አይሆንም። ውጣ።

ቢያድግልኝ፦ ምን ብዬ ልውጣ?

አንጓች፦ ሆዴን ቆረጠኝ በል። ሆዱን የቆረጠውን ሰው ማንም አያስቀረውም።

ቢያድግልኝ፦ … እሺ፣ ወጣሁ፤ በረንዳ ላይ ነኝ። ለመሆኑ አንቺን ስቱዲዮ ማን አስገባሽ?

አንጓች፦ ሁላችሁንም ጠራርገው ለሥልጠና ሲወስዷችሁ ግቢው ለማን ቀረ? ለእኔና ለዘበኛው ለጋሽ ፈንቴ። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ፣ "ማሽኑ ራሱ ያጫውታል፤ አንቺ ብቻ እንዳትነኪው" ብሎኝ ሄደ።

ቢያድግልኝ፦ ታዲያ ነካሽው?

አንጓች፦ እኔ ምን በወጣኝ! መብረቅ ነው የነካው። ጓ ሲል መብራቱ ድርግም አለ። ጋሽ ፈንቴ ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ሁሉም በራ፤ ይኼ ያንተ ዕቃ ብቻ አኩርፎ ቀረ።

ቢያድግልኝ፦ ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?

አንጓች፦ ነጭ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ወረደና ቆመ።

ቢያድግልኝ፦ ወፏስ? መጨረሻ ላይ ብቅ የምትለው የሲስተሙ ምልክት፣ ሆደ ነጯ?

አንጓች፦ ወፍ የለም። ወፏም እንደናንተ ሥልጠና ሄዳ ይሆናል።

ቢያድግልኝ፦ ስትቀልጂ ደስ ይለኛል።

አንጓች፦ አልቀለድኩም። የድሮው ሲስተም ምን ነበረበት? "ሊኑክስ ይሻላል፤ ቫይረስ አይዘውም" ብለህ የቀየርከው አንተ ነህ።

ቢያድግልኝ፦ ቫይረስ አልያዘውም እኮ።

አንጓች፦ አዎ፣ ሞት ነው የያዘው። በል ምን ላድርግ? ጊዜ የለኝም።

ቢያድግልኝ፦ የመጨረሻዋን መስመር አንብቢልኝ።

አንጓች፦ ቅንፍ… አይ… ኤን… አይ… ቲ… አር… ኤ… ኤም… ኤፍ… ኤስ… ቅንፍ። ከዚያ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ቢያድግልኝ፦ እህ…

አንጓች፦ ምንድን ነው "እህ"? ሐኪም "እህ" ሲል ደስ አይለኝም።

ቢያድግልኝ፦ ሲስተሙ ሊነሳ ፈልጎ ዲስኩን ሲያየው ተዘበራርቆበታል። ደጃፍ ላይ ቆሞ "ቤቱ ሳይስተካከል አልገባም" እያለ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋል። አይዞሽ፣ ይስተካከላል።

አንጓች፦ መቼ?

ቢያድግልኝ፦ ምን አጣደፈሽ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አንጓች፦ የዘገየውስ ምን ለቀመ? ንገረኝ፤ ምን ልንካ?

ቢያድግልኝ፦ ኪቦርዱን ሳቢና ጻፊ። ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ።

አንጓች፦ ቀስ! እነዚህን ፊደሎች እንደ ዘር የበተናቸው ማን ነው? ኤ ከቢ ጎን አይቀመጥም ነበር? … ኤፍ ይኸውና። ኤስ… እሺ፣ ጻፍኩ።

ቢያድግልኝ፦ አሁን ረጅሙን ቁልፍ አንዴ። ከዚያ ያጋደለችውን ሰረዝ፤ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር አንድ ላይ ናት። ዲ፣ ኢ፣ ቪ። ደግሞ ያጋደለች ሰረዝ። ኤስ፣ ዲ፣ ኤ፣ ሁለት ቁጥር። ኢንተር።

አንጓች፦ ተቆጣኝ።

ቢያድግልኝ፦ ምን አለሽ?

አንጓች፦ "ኖት ፋውንድ።" ይችን እንኳ አውቃታለሁ፤ የለም ማለት ነው። ለንብረት ክፍል ሰው ይችን ቃል አትተረጉምለትም።

ቢያድግልኝ፦ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

አንጓች፦ ኤፍ፣ ኤስ፣ ኬ፣ ሲ።

ቢያድግልኝ፦ ሲና ኬን አቀያየርሻቸው። እንደገና።

አንጓች፦ ጣቴ ስቶ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ።

አንጓች፦ አንድ በአንድ። … ጻፍኩ። አሁን አልተቆጣም። የሆነ ነገር ይጠይቃል።

ቢያድግልኝ፦ ጎበዝ! በጠየቀሽ ቁጥር ዋይ በይው።

አንጓች፦ ምን?

ቢያድግልኝ፦ ዋይ። ዝም ብለሽ ዋይ ዋይ እያልሽ ቀጥዪ።

አንጓች፦ በስመ አብ! ምን ዓይነት ዕቃ ነው ዋይ ካላሉት የማይድን?

ቢያድግልኝ፦ ፊደሏን ነው እትዬ። "አዎ" ማለት ነው፤ ፊደሏን ተጫኚያት።

አንጓች፦ ቃል እኮ ይጠራል። ሌላ ቀን ዋይ በይ በለኝ፤ ዛሬ አትበለኝ።

ቢያድግልኝ፦ ዛሬ ምን ሆነሻል?

አንጓች፦ ምንም። ተጫንኩ። ደገመኝ። ተጫንኩ። ኧረ ይኼስ ጥያቄው የመርማሪ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ይጠይቅ። መጠየቁ ጥሩ ነው፤ እየጠገነ ነው ማለት ነው። … እትዬ፣ ያ የሚሰማኝ ድምፅ ዝናብ ነው?

አንጓች፦ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ነው የሚያጋንነው።

ቢያድግልኝ፦ ላይ አምባም እየዘነበ ነው?

አንጓች፦ ክረምት አይደል እንዴ? ደግሞ ጠየቀኝ፤ ተጫንኩ።

ቢያድግልኝ፦ እማዬን አይተሻት ታውቂያለሽ? ስልኳ ባሕር ዳር ከገባሁ ጀምሮ አይጠራም።

አንጓች፦ እናንተ መንደር፣ ታች ሜዳ፣ ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ያንተ እናት ብቻ አይደለችም፤ ማንም አይገኝም።

ቢያድግልኝ፦ ደህና ናት አይደል?

አንጓች፦ ጥያቄ መጣ። ልጫን?

ቢያድግልኝ፦ ተጫኚ። … እትዬ፣ ደህና ናት ወይ አልኩሽ።

አንጓች፦ ጨረሰ! ጥያቄው አለቀ፤ ያቺ ጭረት ተመልሳ መጣች። ቀጥሎስ?

ቢያድግልኝ፦ አልቋል? በጣም ጥሩ! ኢ፣ ኤክስ፣ አይ፣ ቲ ብለሽ ኢንተር በይና እጅሽን አንሺ።

አንጓች፦ … ተንቀሳቀሰ! ጽሑፉ እየሮጠ ነው። አረንጓዴ አረንጓዴ ይጽፋል። "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ" ይላል።

ቢያድግልኝ፦ በለው! አላልኩሽም? አሁን ወፏ ትመጣለች።

አንጓች፦ ነይ በላት። ነይ እናቴ፣ ነይ… ቆመ።

ቢያድግልኝ፦ ይቆማል፤ ይቀጥላል። ጠብቂው።

አንጓች፦ ቀይ መጣ። አንዱ ቀይ፣ ሌላው ቀይ፣ ሙሉውን ቀላ! "ኢንፑት አውትፑት ኤረር" ይላል፤ እሱኑ እየደጋገመ ይጽፈዋል። ደግሞም ይቆረጥማል።

ቢያድግልኝ፦ ምኑ?

አንጓች፦ ሳጥኑ። ሆዱ ውስጥ ቀጭ… ቀጭ… ይላል። በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይመስላል።

ቢያድግልኝ፦ ስልኩን አስጠጊልኝ። …

አንጓች፦ ሰማኸው?

ቢያድግልኝ፦ ሰማሁት።

አንጓች፦ እና?

ቢያድግልኝ፦ ዲስኩ ነው። የተዘበራረቀ መስሎኝ ነበር፤ ራሱ ነው የተሰበረው። አጥፊው።

አንጓች፦ አጥፍቼ ላብራው?

ቢያድግልኝ፦ አጥፊውና ተዪው። ዳግመኛ እንዳታበሪው። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ የቀረጽነው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የሽማግሌዎቹ ድምፅ አለ፤ ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባበራሽው ቁጥር መርፌው ሳህኑን እየፋቀ ያጠፋቸዋል።

አንጓች፦ የሞቱት ይቆዩ። የሞተ ሰው አይቸኩልም። ሌላ መንገድ አምጣ።

ቢያድግልኝ፦ ምን ዓይነት መንገድ?

አንጓች፦ እኔ ልንገርህ እንዴ? ይኼ ሬዲዮ ከመምሸቱ በፊት መናገር አለበት። ሊኑክስ ይሁን፣ ሰይጣን ይሁን፣ አንዱ ያናግረው!

ቢያድግልኝ፦ … ቆይ። መሳቢያው ውስጥ ነጭ ፍላሽ አለ። እሱ ላይ ለክፉ ቀን ብዬ ሙሉ ሲስተም ጭኜ አስቀምጫለሁ። የተሰበረው ዲስክ ሳያስፈልግ ከፍላሹ ይነሳል።

አንጓች፦ አየህ! ይኸው አገኘሁት። የት ልሰካው?

ቢያድግልኝ፦ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ። ለዲስኩ ክፉ ቢሆንም፣ አሁን ማሽኑን አጥፊና አብሪ፤ ሲነሳ ከላይ ካሉት ቁልፎች ኤፍ አሥራ ሁለትን ደጋግመሽ ምቺ።

አንጓች፦ መታሁ። እየመታሁ ነው። … "ኖ ቡተብል ዲቫይስ።"

ቢያድግልኝ፦ አይሆንም! ፍላሹን አላገኘሁም ማለቱ ነው። እንደገና ሰክተሽ ሞክሪ።

አንጓች፦ … ያው ነው። ቢያድግ፣ ፍላሹ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ ነገር አለ።

ቢያድግልኝ፦ ምን ይላል?

አንጓች፦ "ሠርግ።" የማን ሠርግ ነው?

ቢያድግልኝ፦ የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ። ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶት ነበር። አጥፍቶ ሠርጉን ገልብጦበታል ማለት ነው።

አንጓች፦ ቤት ሲቃጠል እስክስታ! እና አሁን ምን ቀረን?

ቢያድግልኝ፦ ምንም አልቀረንም። ላፕቶፑ ከሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፤ መለዋወጫ ዲስክ የለንም። እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው እትዬ። ይዘጋና ሐሙስ ስመጣ አየዋለሁ።

አንጓች፦ ሐሙስ?

ቢያድግልኝ፦ አንቺ ደግሞ! ሰው አንድ ቀን ዘፈን ባይሰማ አይሞትም።

አንጓች፦ አይሞትም አልክ?

ቢያድግልኝ፦ …ምን ማለትሽ ነው?

አንጓች፦ ቁጭ ብለሃል?

ቢያድግልኝ፦ ቆሜያለሁ።

አንጓች፦ ቁጭ በል።

ቢያድግልኝ፦ እትዬ አንጓች፣ አታስፈራሪኝ። ምን ሆነ?

አንጓች፦ ከላይ አምባ ደወሉ። የመስኖው ክትር ተሰንጥቋል። ውኃው ግድግዳውን ከሥሩ እየበላው ነው፤ ግድግዳው እስኪመሽ አይቆይም አሉ። ጥቁሪት ወንዝ ደግሞ ቀድሞውንም ሞልታለች። ያ ክትር ከሄደ ታች ሜዳ ባሕር ነው።

ቢያድግልኝ፦ ታች ሜዳ… ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽኝም?

አንጓች፦ ጭንቅላትህን ስለፈለግሁት። ብነግርህ ኖሮ ይቺን ኤፍ ከኤስ ትለይልኝ ነበር?

ቢያድግልኝ፦ እማዬስ?

አንጓች፦ ጋሽ ፈንቴን ከሁሉ አስቀድሜ ወደሷ ነው የላክሁት። ቤታችሁ ከዳገቱ ሥር የመጀመሪያው አይደል? ሮጦ ወርዶ ነግሯት ተመለሰ።

ቢያድግልኝ፦ እትዬ! ወጣች ወይ?

አንጓች፦ አልወጣም አለችው። "ጥቁሪትን ከተዳርኩ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እስከ ደጄ መጥታ ትመለሳለች። ላሜ ምጥ ላይ ናት፤ ጥያት የትም አልሄድም" አለች።

ቢያድግልኝ፦ ያቺ ላም! ያቺ ላም ትግደላት!

አንጓች፦ ምላስህን ሰብስብ።

ቢያድግልኝ፦ ሌላስ ምን አለች? በሙሉ ንገሪኝ።

አንጓች፦ "ልጄ የሬዲዮ ሰው ነው። ክፉ ነገር ቢኖር ሬዲዮው ይናገር ነበር። ይኸው ከፍቼው ተቀምጫለሁ፤ ሬዲዮው ዝም ብሏል" አለች። እሷ ብቻ አይደለችም። ጋሽ ፈንቴን የሰሙት ሁሉ ያሉት እሱኑ ነው። "ሬዲዮው ሳይናገር" ይላሉ።

ቢያድግልኝ፦ አሁኑኑ እመጣለሁ።

አንጓች፦ በምን? በክንፍ? አንተ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ይመሻል።

ቢያድግልኝ፦ ወረዳ ደውዪ!

አንጓች፦ ደወልኩ። መኪናቸውን ጭቃ ውጧታል። እግረኛ ልከዋል፤ ታች ሜዳ ደግሞ በእግር ተዳርሶ የሚያልቅ አገር አይደለም። ጋሽ ፈንቴ በበቅሎ ወደ ሸምበቆ ዳር ሰፈር ጋልቧል። ሰው ለሰው እስኪነግር ውኃው ይቀድማል።

ቢያድግልኝ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልስ?

አንጓች፦ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው ያለው? ወንዙ ዳር! ደወል የሰማ ሁሉ የሰው ሞት መስሎት ወደዚያው ይወርዳል። በገዛ እጄ ጠርቼ ላስወስዳቸው?

ቢያድግልኝ፦ እግዚኦ። እግዚኦ እትዬ፤ ምን ላድርግ? እዚህ በረንዳ ላይ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ፤ ይስቃሉ። እኔ…

አንጓች፦ አልቅስ፤ አንዴ አልቅስና ተመለስ። እኔ ያለቀስኩትን አልቅሼ ነው የደወልኩልህ።

ቢያድግልኝ፦ … ማሰራጫው በርቷል?

አንጓች፦ ምኑ?

ቢያድግልኝ፦ ከጓዳ ያለው ትልቁ ቁም ሣጥን። መብራት አለው?

አንጓች፦ ቀይ መብራት አለው። እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

ቢያድግልኝ፦ እየሠራ ነው። እየሠራ ዝምታ ነው የሚያሰራጨው! ኮምፒውተሩን ተዪው።

አንጓች፦ ምን?

ቢያድግልኝ፦ ኮምፒውተሩን ተዪው አልኩ፤ አፈር ይብላ። "ማሽኑን አንሳ" ስትዪኝ ማሽን ማንሳት ብቻ ታየኝ። የሚያስፈልገን አንድ ሰውና አንድ ማይክ ነው። ችግሩ አሁን ማይኩ በኮምፒውተሩ በኩል ነው የሚያልፈው። አሮጌው ሚክሰር፣ የድምፅ ማደባለቂያው፣ ቢኖር ኖሮ በቀጥታ… ግን እሱ ባለፈው ይወገድ ተብሏል።

አንጓች፦ ማን አስወግዶት? ተወግዷል የሚለውን ፈርሜ ሳልሰጥ የሚወጣ ዕቃ የለም። ጣራው ከሚያፈስበት ሥር ባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ቆሟል።

ቢያድግልኝ፦ ባልዲ? ውኃ ገባበት?

አንጓች፦ ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ስልኩን እዚህ አስቀምጬ ልሂድ።

ቢያድግልኝ፦ ሩጪ። … እትዬ? … እትዬ አንጓች? … ኧረ በእመቤቴ… 

አንጓች፦ አለሁ። አለሁ፤ ትንፋሼን ልሰብስብ። ከነገመዶቹ አመጣሁት። የጋሽ ፈንቴን ትንሿን ሬዲዮም ይዣለሁ፤ የኛን ጣቢያ ከፍቻታለሁ። ዝም ነው የምትለው።

ቢያድግልኝ፦ ጎሽ! ሬዲዮኗን አጠገብሽ አድርጊያት። መጀመሪያ ሚክሰሩን ግድግዳው ላይ ሰኪው። በራ?

አንጓች፦ … አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በራች።

ቢያድግልኝ፦ አሁን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ገመድ ወደ ጓዳው ግድግዳ ይገባል። አገኘሽው? ንቀይውና ሚክሰሩ ላይ "አውት" የሚል ቀዳዳ ውስጥ ክተቺው።

አንጓች፦ አውት የሚል ብዙ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ብዙ ነው? … ረሳሁት እትዬ። በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ… እንጃ።

አንጓች፦ ሁሉንም እሞክራለሁ። ኮምፒውተር አልችልም እንጂ ቀዳዳ አይጠፋኝም። … ይኼ አይሆንም። ይኼም ዝም። ይኼ… ሬዲዮኗ ሽሽሽ አለች!

ቢያድግልኝ፦ እዚያው! እንዳትነቅዪው። ማይኩ ከጠረጴዛው ላይ አለ፤ ጫፉ ሦስት ጥርስ አለው። ሦስት ቀዳዳ ካለው ክብ ላይ ግጠሚው። ከዚያ ከሥሩ ያለችውን ተንሸራታች ወደ ላይ ግፊያት።

አንጓች፦ ገፋሁ። ሽሽሽ ነው እንጂ ድምፅ የለም። አሎ! አሎ! … የለም ቢያድግ። የለም።

ቢያድግልኝ፦ ማይኩ ራሱ አንገቱ ላይ መክፈቻ አለው።

አንጓች፦ የት? … እ— ውይ! ውይ ጆሮዬን! ጮኸ! ሬዲዮኗ ጮኸች!

ቢያድግልኝ፦ ተባረኪ! ገብቷል! ሬዲዮኗን ዝጊያት፤ ከማይኩ ጋር እየተጯጯኸች ነው። ገብቷል እትዬ፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶሻል!

አንጓች፦ አሁን ይሰማኛል? አሁን የምለውን?

ቢያድግልኝ፦ እያንዳንዷን። ተናገሪ።

አንጓች፦ … ምን ብዬ? እነሱ እኮ መጀመሪያ ሙዚቃ አላቸው። "እንደምን ዋላችሁ ክቡራን አድማጮቻችን" ይላሉ። እኔ ንብረት ክፍል ነኝ።

ቢያድግልኝ፦ ክቡራኑን ተያቸው። በአጥር ላይ ለጎረቤት እንደምትጣሪ ተጣሪ።

አንጓች፦ እሺ። … እናንተ ሰዎች! የታች ሜዳ ሰዎች! አንጓች ነኝ፣ ከሬዲዮው ቤት። የላይ አምባው ክትር ሊሄድ ነው። ሸምበቆ ዳር ያላችሁ፣ ዋርካው ሥር ያላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያላችሁ፣ ውጡ! ዕቃ አትሰብስቡ፣ እህል አትጫኑ። ልጅ ያለው ልጁን ይዘል፤ አቅመ ደካማ ያለው ይደግፍ። ከብት በር ክፈቱለት፤ ራሱ ይወጣል። ደወል አትጠብቁ፣ ባለሥልጣን አትጠብቁ። ወደ ዳገቱ ውጡ፤ ወደ እኔ ውጡ። እናንተ ሰዎች! የታች ሜዳ ሰዎች…

ቢያድግልኝ፦ በርቺ። ድገሚው። አታቁሚ።

አንጓች፦ … ደገምኩት፤ መላልሼ ደገምኩት፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቢያድግ፣ አለህ?

ቢያድግልኝ፦ አለሁ። መስኮቱ ጋ ሂጂ። ምን ይታይሻል?

አንጓች፦ ዝናቡ ቀለል ብሏል። … በሸምበቆ ዳር በኩል መንገዱ ጠቁሯል። ሰው ነው! ሰውና ከብት ተቀላቅሎ እየወጣ ነው። ከዋርካው ሥርም ወጥተዋል። ኧረ ተመስገን!

ቢያድግልኝ፦ የእኛ ቤትስ?

አንጓች፦ ቆርቆሯችሁ ይታየኛል።

ቢያድግልኝ፦ ሰውስ?

አንጓች፦ ጭስ ይታየኛል። ከጓሮው ጭስ ይወጣል።

ቢያድግልኝ፦ እሳት አንድዳለች። ለላሟ ውኃ እያሞቀች ነው። አልወጣችም እትዬ። ሬዲዮውም ተናግሮ አልወጣችም።

አንጓች፦ የተናገርኩት እኔ ነኛ። እኔን ምኗ ነኝ ብላ ትስማኝ? ስልኩን ድምፁን ለቅቄ ከማይኩ አፍ ላይ ደገንኩት። ተናገር።

ቢያድግልኝ፦ እኔ? አገሩ ሁሉ እየሰማ?

አንጓች፦ ይስማ!

ቢያድግልኝ፦ ምን ልበላት?

አንጓች፦ እስካሁን እኔን "ይኼን ተጫኚ፣ ያንን ጻፊ" ስትለኝ አፍህ ተይዞ ነበር? ለእናትህም የምጽፍልህ እኔ ልሁን?

ቢያድግልኝ፦ … እማዬ። ቢያድግ ነኝ፤ ልጅሽ። ይኼ በቴፕ የተቀረጸ አይደለም፤ አሁን ነው የምናገረው። እማዬ፣ ጋሽ ፈንቴ ያለሽ እውነት ነው። የዛሬው ውኃ የምታውቂው ውኃ አይደለም፤ ከደጅሽ አይመለስም። ላሟን ፍቻት። ትወልዳለች፣ አትወልድም፣ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ፤ አንቺ ፍቻትና ውጪ። ነጠላሽን እንኳ አትፈልጊ። እማዬ፣ ይሄው እየለመንኩሽ ነው፤ ይኼ ሁሉ ሰው እየሰማኝ እየለመንኩሽ ነው…

አንጓች፦ ቀጥል።

ቢያድግልኝ፦ አልቻልኩም። ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። ግድግዳ እንደማናገር ነው።

አንጓች፦ ሰው ወጣ።

ቢያድግልኝ፦ ከየት?

አንጓች፦ ከቤታችሁ። ነጭ የለበሰ ሰው… እሷ ናት! እናትህ ናት! ብቻዋን ናት፤ ላም አልያዘችም። አጥሩን አለፈች።

ቢያድግልኝ፦ ወደ ዳገቱ ነው?

አንጓች፦ ወደ ዳገቱ… ቆመች። ወይኔ፣ ዞረች! ወደ በረቱ ልትመለስ ነው ቢያድግ!

ቢያድግልኝ፦ እማዬ አትመለሺ! አንቺ ሴትዮ፣ እለምንሻለሁ፣ አትመለሺ! ወደ ዳገቱ! ወደ ዳገቱ እማዬ!

አንጓች፦ … ቆመች። … ዞረች፤ ወደ ዳገቱ ዞረች! አንዱን እጇን ከጆሮዋ አላወረደችም፤ ሬዲዮኗን ለጥፋ ነው የምትወጣው። አንተን ይዛ ነው የምትወጣው፤ አታቋርጥ ልጄ፣ ተናገር!